ቼሎና ዲስቶርሽን በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የሜታል ክብደት ያለው ጨለማ ኒዮክላሲካል አልበም እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው ይህን ዓይነት አልበም የሚጀምረው ከጊታሩ ነው። ከበድ ያለ ሪፍ (የሚደጋገም አጭር የጊታር ሐረግ) ይፈልጋል፣ ከበሮ ይጨምርበታል፣ ከዚያም ቫዮሊንና መዘምራንን እንደ መጋረጃ ከኋላ ይሰቅላል። የእኔም የመጀመሪያ ሙከራ እንዲሁ ነበር። ስድስት ወር ከለፋሁበት በኋላ አንድ ምሽት ቫዮሊኖቹን አጥፍቼ ሰማሁት፤ የጎደለ ነገር አልነበረም። ጊታሮቹን አጥፍቼ ስሰማው ደግሞ የተረፈ ሙዚቃ አልነበረም።

ሁሉንም ጥዬ እንደገና ስጀምር የያዝኩት ደንብ አጭር ነው። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ዜማ ይወለዱ፤ የታችኛውን ድምፅ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይያዝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ደንብ ዝርዝር ነው። አንድ መሣሪያ በመጠኑ ለሚጫወት፣ ኖታ ለሚለይና መቅረጫ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር ላለው ሰው የተጻፈ ነው።

ስሙ እንዳያሳስት

«ኒዮክላሲካል» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የማይመሳሰሉ ሙዚቃዎችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኢጎር ስትራቪንስኪና መሰሎቹ ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ቅርጾች ተመልሰው የጻፉት ነው። ሁለተኛው በ1980ዎቹ ስዊድናዊው ጊታሪስት ኢንግቪ ማልምስቲን የባሮክን የዜማ ሩጫ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወርደው የተስፋፋው ነው፤ ዋና ነገሩ የጣት ፍጥነት ነው። ሦስተኛው በዚያው ዘመን ከጨለማው ሮክ ጎራ የወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሜልበርን ውስጥ የተመሠረተው ዴድ ካን ዳንስ የተባለ ባንድ ብዙ ጊዜ ይጠቀስበታል። መለያው ዝግታ፣ የመዘምራን ድምፅና በኖታዎች መካከል የሚተው ሰፊ ባዶነት ነው።

እዚህ የምንሠራው ሦስተኛውን ነው። ከሜታል የምንበደረው ክብደቱን ነው፤ ሩጫውን ለባለቤቶቹ እንተውላቸው። ክብደት ከጊታር ብቻ እንደማይመጣ ለመረዳት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ሄልሲንኪ ውስጥ የተሰባሰቡትን የአፖካሊፕቲካ ተጫዋቾች መስማት ይበቃል፤ የታወቁት የሜታል ዘፈኖችን በአራት ቼሎ በመጫወት ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ፒያኖ ላይ ይቀመጡ

ጊታሩን ከክፍሉ ያውጡት። በፒያኖ ሲጫወት የማያስጨንቅ ዜማ በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያሻክረው ማዛቢያ) አይጨልምም፤ ጩኸት ብቻ ይሆናል።

መነሻ የሚሆን የቤዝ መስመር ልስጥዎ፦ ሬ፣ ዶ ሻርፕ፣ ዶ፣ ሲ፣ ሲ ፍላት፣ ላ። በየግማሽ ድምፁ የሚወርድ ስድስት ኖታ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኦፔራ ይህ ቁልቁለት የለቅሶ ምልክት ሆኖ ያገለግል ነበር፤ እንግሊዛዊው አቀናባሪ ሄንሪ ፐርሰል የንግሥት ዲዶን ስንብት ያቆመው በእንዲህ ያለ ተደጋጋሚ መስመር ላይ ነው። በግራ እጅዎ ይህንን ሳያቋርጡ ይደጋግሙ፤ በቀኝ እጅዎ ከላዩ ዜማ ይፈልጉ። አንድ ብልሃት ብቻ ይያዙ፦ የዜማው ሐረግ ቤዙ ክብ ገጥሞ ወደ ሬ በሚመለስበት ቦታ አያብቃ። ቤዙ ሲዘጋ ዜማው በእንጥልጥል ላይ ከሆነ፣ ዜማው ሲያርፍ ቤዙ ጉዞ ከጀመረ፣ ሰሚው የሚተነፍስበት ቦታ ያጣል። ያ እፎይታ ማጣት ከማንኛውም ኮርድ የበለጠ ጨለማ ነው።

አሁን ሁለቱን ወገኖች ወደሚያገናኘው ማጠፊያ እንምጣ፤ የአልበሙ ሁሉ ብልት እዚህ ጋ ነው። በሬ ማይነር ውስጥ የክላሲካል አቀናባሪዎች «ናፖሊታን» የሚሉት ኮርድ አለ፦ ሚ ፍላት፣ ሶልና ሲ ፍላት። አብዛኛውን ጊዜ ሶልን ከታች አድርገው ይጫወቱታል፣ ከዚያ ወደ ላ ይሄዳሉ። የሜታል ጊታሪስት ደግሞ ስሙን ሳይጠይቅ ከባዱን ሬ መትቶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ሚ ፍላትን ይነካና ይመለሳል፤ የፍሪጂያን ቅኝት መለያ እርምጃ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚያውቁት አንድ ኖታ ነው። ስለዚህ በዝግተኛው ክፍል ሚ ፍላትን በቫዮሊኖች ናፖሊታን ውስጥ ደብቀው ሁለት ሦስት ጊዜ ያሰሙት። ጊታሩ ሲገባ ያንኑ ኖታ ከታች ሆኖ ይናገረው። ሰሚው ምክንያቱን ሳያውቀው «ይህ ከዚያ የመጣ ነው» ይላል። ከሬ ሦስት ሙሉ ድምፅ ርቆ ያለውን ላ ፍላትንም ማስገባት ይቻላል፤ የሜታል ባንዱ ብላክ ሳባት እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተው በዚህ ርቀት ነው። ነገር ግን በቁጠባ ይሁን፤ በየገጹ የሚታይ መንፈስ አያስፈራም።

ያገኙትን በስልክዎ ቀርጸው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ያለ ምንም ጌጥ መስማት ከቻሉ ዜማ አለዎት።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ሁለት ፍጥነት በአንድ ሰዓት

ዝግተኛ ክላሲካልና ፈጣን ሜታል ሲገናኙ መጋጠሚያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ የሚመስሉት ፍጥነታቸው ስለማይዛመድ ነው። ዜማውን በደቂቃ 60 ምት ይጻፉት። ከበሮው ሲገባ በ180 ይሂድ። እያንዳንዱ የዜማ ምት ሦስት የከበሮ ምት ይሆናል፣ ዜማው ግን አንዲት ኖታ አይለወጥም። ከላይ የቀብር ጉዞ፣ ከታች ሩጫ። ይህን በመቅረጫ ፕሮግራሙ ውስጥ መጀመሪያውኑ በ180 አድርጎ መክፈትና ዝግተኛውን ክፍል በረዘሙ ኖታዎች መጻፍ በኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ሁለቱን የሚያዛምድ ሌላም ነገር አለ። ጣሊያናዊው አቀናባሪ ሞንቴቨርዲ እ.ኤ.አ. በ1624 ባቀረበው ሥራ የጦርነትን ቁጣ ለማሰማት ባለ ደጋን መሣሪያዎች አንዱን ኖታ በፍጥነት እንዲደጋግሙ አድርጓል። የዛሬው ጊታሪስት በፒክ አንዱን ክር ወደ ላይና ወደ ታች እየጠዘጠዘ የሚያወጣው ድምፅም ሐሳቡ ያው ነው። አንዱን ከሌላው ቀጥሎ ቢያስገቡት ርክክቡ ያምራል። ሁለቱን ባንድ ላይ ካስጠዘጠዙ ግን ድግግሞሹ በትክክል ስለማይገጥም የሚሰሙት እንደ ዝናብ የተቀላቀለ ሹክሹክታ ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የአልበሙ ካርታ

ከ40 እስከ 44 ደቂቃ ይበቃል። በ33⅓ ዙር የሚሽከረከር ሸክላ በአንድ ገጹ 20 ደቂቃ አካባቢ ሲይዝ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጫን ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። ሸክላ ባያሳትሙም ሁለት ገጽ አድርጎ ማሰብ ይረዳል።

በወረቀት ላይ አግድም መስመር ስበው ደቂቃዎቹን ይጻፉበት፤ ጊታር ዲስቶርሽን ይዞ የሚገባባቸውን ቦታዎች ብቻ በጥቁር ይሙሉ። ጥቁሩ ከሲሶ ከበለጠ የሜታል አልበም እየሠሩ ነው። ክፉ ነገር አይደለም፣ ነገር ግን ይወቁት። እኔ የመጀመሪያው ጥቁር ከስድስተኛው ደቂቃ በፊት እንዳይመጣ አደርጋለሁ፣ ሲመጣም ከሃያ ሰከንድ በላይ አይቆይም። ሰሚው ጊታሩ ቤት ውስጥ መኖሩን ካወቀ በኋላ ጸጥታው ራሱ መሥራት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ቼሎ ብቻውን ቢሆን እንኳ ብቻውን አይመስልም።

ትራኮቹን በቅኝት ያዛምዷቸው፤ ለምሳሌ ሬ ማይነር፣ ሶል ማይነር፣ እንደገና ሬ፣ ከዚያ ሚ ፍላት ማይነር። የመጨረሻው ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለቱ ያንን ማጠፊያ ኖታ የአንድ ሙሉ ትራክ ቤት ያደርገዋል።

አራተኛ እርምጃ፦ የታችኛውን ወለል ማከፋፈል

እዚህ ላይ ትንሽ ቁጥር ያስፈልጋል። የቼሎ ዝቅተኛው ክር ዶ ሲሆን 65 ሄርዝ (በሰከንድ 65 ንዝረት) አካባቢ ነው። ወፍራም ክሩ ወደ ሬ ዝቅ ተደርጎ የተቃኘ ጊታር ከ73 ሄርዝ ይጀምራል። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ፎቅ ላይ ነው። ቤዝ ጊታርና ኮንትራባስም ሁለቱም በተለመደው ቅኝታቸው ከ41 ሄርዝ ይነሣሉ። ትልቁ የእግር ከበሮና ቲምፓኒም እዚያው አካባቢ ቦታ ይፈልጋሉ። ማንንም ሳይመርጡ ሁሉንም ካስገቡ የሚወጣው ጭቃ ነው፤ በኋላ በኢኩዋላይዘር (በድምፅ ማመጣጠኛ) የሚጠራ እንዳይመስልዎ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል ከኖታው በላይ «ወለሉ የማን ነው?» ብለው ስም ይጻፉ። ወለሉ የጊታር ከሆነ ቼሎዎቹ ወደ ላይኛዎቹ ሁለት ክሮቻቸው ይውጡ፤ እዚያ ያለው ድምፃቸው የሚቃትት ሰው ይመስላል፣ በጊታር ውስጥም ሰንጥቆ ይሰማል። ወለሉ የኮንትራባስ ከሆነ ጊታሩ ዝም ይበል ወይም ያለ ዲስቶርሽን ነጠላ ኖታ ይንካ። ያ የስድስት ኖታ ቁልቁለት ለቼሎ የሚሰጠው ከመካከለኛው ሬ (147 ሄርዝ) ጀምሮ ነው፤ አንድ ኦክቴቭ ዝቅ ቢል የመጨረሻዎቹ ሦስት ኖታዎች ከቼሎው በታች ይወድቃሉ። እነሱን የሚደርስባቸው ኮንትራባስና ቤዝ ጊታር ነው።

የኮርዱ ጉዳይ ደግሞ አለ። ዲስቶርሽን ውስጥ ሁለት ኖታ አብረው ሲገቡ በድምራቸውና በልዩነታቸው አዳዲስ ድምፆች ይወለዳሉ። መካከለኛው ሬ 147፣ ከላዩ ያለው ላ 220 ሄርዝ ነው፤ ልዩነታቸው 73፣ ማለትም አንድ ኦክቴቭ ዝቅ ያለው ሬ ራሱ። አምስተኛዋን ብቻ የያዘው ፓወር ኮርድ ግዙፍ የሚመስለው ለዚህ ነው። በላ ምትክ ፋን ቢያስገቡ ግን ልዩነቱ 28 ሄርዝ ገደማ ይሆናል፤ ከኮርዱ ጋር ዝምድና የሌለው ጉርምርምታ ነው። ስለዚህ ኮርዱ ማይነር መሆኑን የምትናገረውን ኖታ፣ እዚህ ላይ ፋን፣ ለቫዮላ ወይም ለመዘምራን ይስጡ። ጊታሩ ሬና ላን ይዞ ይቁም። ሐዘኑን የሚናገሩት ባለ ደጋኖቹ ናቸው፤ ጊታሩ የሚሸከማቸው መሬት ነው።

ከበሮን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ቫዮሊን ዜማ ሲይዝ ትልልቆቹን ሲምባሎች አያስመቱ። የሚረጩት ድምፅ የደጋኑን ጥራት ይሸፍነዋል። በቦታቸው ቶም የሚባሉትን ከበሮዎች ያስመቱ።

አምስተኛ እርምጃ፦ ባለ ደጋኖቹ፣ እውነተኛም ይሁኑ የተቀዱ

ሙሉ ኦርኬስትራ የሚቀርጽ ሰው ይህን መመሪያ አያነብም። ለሌሎቻችን የሚበጀው መንገድ ቅልቅሉ ነው፦ ብዛቱን በኮምፒውተር የድምፅ ቤተ መጻሕፍት መገንባት፣ ከላዩ አንድ እውነተኛ ቼሎና አንድ እውነተኛ ቫዮሊን መደረብ። ጆሮ የሚያምነው ሰውየውን ነው፤ የቀረውን ከኋላው እንደቆመ ጭፍራ ይቀበለዋል። አንድ ቼሊስት ብቻ ካለዎት ያንኑ መስመር አራት ጊዜ ያስጫውቱት፣ በየጊዜውም ወንበሩን ከማይክሮፎኑ አንጻር ያዛውሩት።

የተቀዱትን ድምፆች ሕይወት የሚሰጣቸው የኖታው ርዝመት ሳይሆን የድምፁ እብጠትና ስክነት ነው። ሞጁሌሽንንና ኤክስፕሬሽንን፣ ማለትም የሚዲ መቆጣጠሪያ 1ንና 11ን፣ በመዳፊት አይሳሉ፤ ሙዚቃው እየሄደ በእጅዎ ያንቀሳቅሷቸው። የተያያዘ አጨዋወት የሚሰጡ ድምፆች ዘግይተው ስለሚነሡ ትራኩ በጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ቀድሞ እንዲጀምር ያድርጉት፤ አለበለዚያ ቫዮሊኖቹ ከከበሮው ኋላ ሲያነክሱ ይሰማሉ።

እውነተኛ ተጫዋች ሲኖርዎ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ የማይሰጠውን ይጠይቁት። ደጋኑን ክሮቹን ወደሚደግፈው ብርኩማ አስጠግቶ ሲስበው ድምፁ እንደ ብርጭቆ ይፋጫል፤ ከጊታሩ ዲስቶርሽን ጋር ወንድማማች የሚሆነው ይህ ነው። በደጋኑ እንጨት ክሩን ሲመታ የአጥንት ኳኳታ ይሰማል። ከጊታሩ መግባት በፊት ባሉት አራት አምስት ሰከንዶች ውስጥ የመጀመሪያውን ይሞክሩት፤ ጊታሩ ከቼሎው ሆድ የወጣ ይመስላል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የሰው ድምፅ

በውሸት ላቲን የሚያዜሙ መዘምራን ሰልችተውኛል፤ እርስዎንም ሳያሰለቹዎት አይቀሩም። ቃል ከሌለዎት «አ»ና «ኡ» ብቻ ያዚሙ፤ ቃል ካለዎት በሚያውቁት ቋንቋ ይሁን። የሜታሉ ጉርምርምታ ለዚህ አልበም ያልተጠበቀ ጥቅም አለው፤ ጥርት ያለ ኖታ ስለሌለው ከየትኛውም ኮርድ ጋር አይጣላም። ስለዚህ መዘምራኑ ውስብስብ ኮርድ ይዘው ሳለ ከሥራቸው ሊሄድ ይችላል። ጉሮሮን ጨምቆ መጮህ ግን ጉዳት ነው። ሕመም ወይም መሻከር ከተሰማ ቀረጻው በዚያው ሰዓት ይቁም፤ አሠራሩንም ከሚያውቅ አስተማሪ መማር ይሻላል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ቀረጻው

ሁሉንም በ24 ቢትና በ48 ኪሎሄርዝ ይቅረጹ። ቅደም ተከተሉ ግን ከቁጥሩ ይበልጣል፦ መጀመሪያ የፒያኖ መሪ ትራክ፣ ከዚያ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ በመጨረሻ ባለ ደጋኖችና የሰው ድምፅ። ምክንያቱ ቅኝት ነው። ዝቅ ብሎ የተቃኘ ጊታር በኃይል ሲመታ ኖታው ለቅጽበት ከፍ ይልና ይመለሳል። ጊታር ይህን ማረም አይችልም፤ ቼሊስት ግን ጆሮውን ተከትሎ ጣቱን ያስጠጋል። የማይታረመው ይቅደም፣ የሚታረመው ይከተል። ጊታሩ ላይም ወፍራም ክር ማሠር ይህን መወዛወዝ ይቀንሳል።

ጊታሩን ሁለት ጊዜ ተጫውተው አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ይውሰዱት፤ አንዱን ቀድቶ መለጠፍ ስፋት አይሰጥም። የዲስቶርሽኑን መጠን ደግሞ ብቻውን ሲሰሙት ከሚያስደስትዎ ዝቅ ያድርጉት። ብቻውን ሲሰማ ትንሽ የሳሳ ጊታር ከቼሎና ከከበሮ ጋር ሲቆም ልክ ይሆናል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ሚክሲንግ

በአራተኛው እርምጃ ላይ ስሞቹን በሐቀኝነት ከጻፉ ግማሹ ሥራ አልቋል። የቀረው ርቀት ነው።

ፈተናው ሁሉንም በአንድ ካቴድራል ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማሚቶ) ውስጥ ማስገባት ነው፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ስድስት ሰከንድ የሚቆይ ማሚቶ ባለበት የሚወርደው የቤዝ መስመር እያንዳንዱ ኖታ በቀጣዩ ላይ ይደረባል፤ ዶ ሻርፕ፣ ዶና ሲ አብረው ሲጮሁ ለቅሶው ጥርስ ማፋጨት ይሆናል። ለባለ ደጋኖቹ ከ2.5 እስከ 4 ሰከንድ ይስጡ፤ ከሪቨርቡ መመለሻ ላይ ከ250 ሄርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ። ረጅሙን ማሚቶ ለመዘምራኑና ለነጠላ ቫዮሊን ያስቀምጡት። ጊታሩና የእግር ከበሮው ሪቨርብ የሌላቸው እስኪመስሉ ደረቅ ይሁኑ። ደረቁ ከፊት፣ እርጥቡ ከኋላ ስለሚሰማ ክፍሉ በራሱ ጥልቀት ያገኛል።

ከጊታሩ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን አጥፍተው ለቤዙ ይልቀቁለት፤ ሬው እንደሆነ በላይኛዎቹ ንዝረቶቹ ይሰማል።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ማስተሪንግና የመጨረሻው ማዳመጥ

ለማስተሪንግ (ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) የሚሄደው ፋይል ከጣሪያው በታች ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ያህል ባዶ ቦታ ይኑረው። እንደ ስፖቲፋይ ያሉ አገልግሎቶች ድምፁን ወደ ‎-14 ሉፍስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ ስለሚያስተካክሉ አልበሙን ጨምቆ ማስጮኽ ትርፍ የለውም፤ የሚያጡት ዝግተኛው ቼሎና ጊታሩ የተለያዩበትን ርቀት ነው። ከፍተኛው ጫፍ ‎-1 ዴሲቤል ላይ ይቁም። ማስተሪንግ የሚሠራው ሰው እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻው እንዳያስተካክል ይንገሩት። ጸጥተኛው ትራክ ከጎረቤቱ ጋር እኩል እንዲጮኽ ከተደረገ በሦስተኛው እርምጃ የሳሉት ካርታ ከንቱ ቀረ። በትራኮቹ መካከል ያለውን ዝምታም እርስዎ ራስዎ በሰከንድ ይወስኑት፤ ከከባዱ ትራክ በኋላ አምስትና ስድስት ሰከንድ አይበዛም።

ከሳምንት በኋላ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መቀመጫ ያዳምጡት። ድምፁን አንድ ጊዜ አስተካክለው እጅዎን ያንሡ፤ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይያዙ። እጅዎ ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው የሄደባቸውን ደቂቃዎች ይጻፉ። ድምፁን ለመጨመር ከሆነ እዚያ ክፍል ላይ ወለሉ ባዶ ሆኗል፣ ወይም ሪቨርቡ ዜማውን ውጦታል። ለመቀነስ ከሆነ ወለሉን ሁለት ሰው ይዞታል፤ ኖታውን ያውጡና ከሁለቱ አንዱን ኦክቴቭ ከፍ ያድርጉት።